ሬንጅ የነካው በር

የክር ፋብሪካው ሲቃጠል በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኛ ክር እንዳይሰርቅ ተብሎ። ያኔ ልጃገረድ የነበረችው ሠዓሊ በመስኮት ወጣች። ከሥር አጎንብሳ ትከሻዋን ያስረገጠቻት ታላቅ እህቷ እዚያው ቀረች። ጌቶቹ ለጥጡ ካሳ ተቀበሉ፤ ለሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠው አለፉ።

ከዚያ ወዲህ የሱቅና የጋራዥ ማስታወቂያ እየጻፈች ኖረች። እጇ ከቀለም፣ ምላሷ ከነገር ተለይቶ አያውቅም።

ስታረጅ የጌቶቹ ልጅ ፋብሪካውን ሆቴል አደረገው። የሆቴል እንግዳ ታሪክ ይወዳል ብለው ስለነገሩት፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የድሮ ሠራተኞችን እንድትስል አስጠራት። ሰውየው ታሪክ የሚወደው አጥንቱ ወጥቶለት ነው። እሷ ግን ከነአጥንቱ ሳለችው፤ ሴቶቹን በየማሽናቸው፣ እህቷን ከመስኮቱ ሥር አጎንብሳ፣ ከጎኗ የተቆለፈውን በር። በሩን የጣሪያ ሬንጅ ቀባችው፤ የዚያን ቀን ጭስ የሚያህል ጥቁር ቀለም ሱቅ ውስጥ አጥታ።

ሰውየው ሽቶው ቀድሞት ገባ። ሴቶቹን አሞገሰ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተጨማደደ።

«እማማ፣ በሩን ብንከፍተውስ? ብርሃን ይገባል።»

«መክፈትስ ያኔ ነበር፣ ልጄ። ቁልፉ አባትህ ኪስ ውስጥ ነበር።»

በሩ ከተከፈተ እህቷ የወደቀባትን ክር ልታነሳ ያጎነበሰች ሰነፍ ትመስላለች። ይህን ብታስረዳውም ሳቀባት፤ አሰናበታትና አንድ አጥር ቀቢ ጠራ። ቀቢው በሩን ነጭ አለበሰው፣ መሀሉ ላይም አበባ የሞላበት የአትክልት ቦታ ሣለበት። ጎመን የመሰለ አበባ። ሴትዮዋ ብሩሾቿን እየሰበሰበች አየችው። ሬንጅ ላዩ ላይ የቀቡትን እየበላ እንደሚወጣ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ሆቴሉ በተመረቀ በሳምንቱ አበባው መጥቆር ጀመረ። ደግመው ቀቡት፤ በሩ ደግሞ ወጣ። ጌታው በመጨረሻ መጋረጃ ሰቀለበት። ባለጌ ቁስሉን በሐር ቢሸፍን ዝንቡን አያታልልም፤ እንግዳው ሁሉ ግድግዳውን ትቶ መጋረጃውን ይገልጥ ጀመር።

የእህቷን ስም ያወጣችላት ልጇ እዚያ አስተናጋጅ ነበረች። ወሬውን እየሳቀች አመጣችላትና፣ ሰውየው እንዲህ በመዋረዱ ደስ አላላትም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«የእሱ ውርደት ምን ያደርግልኛል? ለማፈርም ፊት ያስፈልጋል። ይልቅ ንገሪኝ፤ ይቺ ልጅ ለምን አጎነበሰች ብሎ የጠየቀ አለ?»

ልጅቷ አዎ አለች፤ አንዲት ሴትዮ ጠይቃለች።

«እንግዲያው ይበቃኛል። ስሟን ነግረሻታል አይደል?»