ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ ለሰጠሁት ምስክርነት እርምት

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መመስከር እፈልጋለሁ ብዬ ራሴ ለምኜ ነው የወጣሁት። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ፦ እስክጨርስ ድረስ ሃሌሉያ አትበሉ። ባለፈው ዓመት ገና አፌን ስከፍት ሃሌሉያ ስላላችሁ ነው እዚህ የደረስነው።

ታውቁኛላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርሁ። በእኛ ሥራ ቤት ሕግ አለ፤ የተሳሳተ ዜና ያነበበ ሰው በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማይክሮፎን እርምቱን ራሱ ያነብባል። እኔ ዘግይቻለሁ። ለምን እንደ ዘገየሁም እነግራችኋለሁ። ባለፈው ዓመት በዚህ ማይክሮፎን የነገርኋችሁ ሐሰት ነበር።

ምን ነበር ያልሁት? «ፕሮግራማችን ተዘግቶ ሥራ አጣሁ። ኮምፒውተር ከማብራት ሌላ የማላውቀውን ሰው፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ጌታ በሦስት ወር የኔትወርክ ባለሙያ አደረገኝ። የሙያ ማረጋገጫ ፈተናውን አንዴ ተቀምጬ አለፍሁ» አልሁ። የምስክር ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋችሁ። ጮኻችሁ። ሽማግሌዎቻችን ወረቀቱ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩበት።

እውነቱ ይህ ነው። ሹም አቦ ሰፈር አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባሁ። ባለቤቱ አማኝ ነኝ የሚል ሰው ነው፤ ክፍሉን የሚጀምረው በጸሎት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ኬብል አስተማረን። በሁለተኛው ሳምንት ለብቻዬ ጠራኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ለምን ይደክማሉ?» ብሎ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከልኝ። ተማሪዎቹ ዳምፕ ይሉታል። ከፈተና ክፍል የተሰረቀ ጥያቄ ነው፣ ከነመልሱ።

«ይህ ስርቆት አይደለም እንዴ?» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጸጋ ነው። ጸጋ ደግሞ ሳይለፉበት ነው የሚቀበሉት» አለኝ።

ተቆጥቼ መውጣት ሲገባኝ ሣቅሁ። ያን ሣቅ ባሰብሁት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ጥያቄዎቹን በልጅነቴ ዳዊት እንደሸመደድሁት ሸመደድኋቸው። ያን ጊዜ የመሰከርሁላችሁ ተአምር ይኸው ነው።

ባለቤቴ ትዕግሥት፣ ያቻት ሦስተኛው መደዳ ላይ፣ ያን ቀን አላጨበጨበችም። በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ «አንተ ሰውዬ፣ ጌታ ሰጠኝ ያልኸው የተሰረቀውን ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያልፈው» አልኋት።

«ሁሉም መድረክ ላይ አልወጣም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ላለማየት እያመሸሁ መግባት ጀመርሁ።

ወረቀቱ ሥራ አስገኘልኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹን እንድጠብቅለት ቀጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀቴን በመስተዋት አስከፍፎ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ሐኪሞቹ የሚሄድበት መስመር ተቋረጠ። ከዋናው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥሁ። ችግሩን አወቅሁት! ፈተናው ላይ የነበረ ነው፤ ቁጥር አርባ አንድ። መልሱ «ሲ» እንደ ነበርም ትዝ አለኝ። «ሲ» ምን ይል እንደ ነበር ግን አላውቅም። ያጠናሁት ፊደሉን ነዋ! ገመትሁ። የገመትሁት ትእዛዝ የሳምንቱን ውጤት በሙሉ አጠፋው። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። አልያዝሁም።

በዚያ ጠዋት ከአንበሳሜ የመጡ እማማ የሺ የሚባሉ እናት ተራ ይጠብቁ ነበር። እንቅርታቸው ትንፋሽ ይከለክላቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው፤ ቀኑም ያ ቀን ነበር። የደማቸው ውጤት እንደ ጠፋ ስነግረው «ያለዚያ ውጤት ቢላ አላነሣም፤ ሊሞቱብኝ ይችላሉ። እንደገና ለመመርመር ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ።

«አራት ቀን።»

«እንግዲያው በሚመጣው ወር» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ።

ሥራ አስኪያጁ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ሲስተም የለም በላቸው። ሌላ ነገር እንዳትናገር» አለኝ። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል የማያውቅ አለ? ባንክ ሄደን፣ ቢሮ ሄደን፣ «ሲስተም የለም» ሲሉን አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። ማን አጠፋው ብለን አንጠይቅም። እኔም ወጥቼ ያንኑ አልኋቸው።

እማማ የሺ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ። «እኔ ፊደል አላውቅም። ያ መስተዋት ውስጥ ያለው ምን ይላል?»

«የእኔ ወረቀት ነው፣ እማማ። ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል ይላል።»

አንገታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉና «እንግዲያ የምታውቅ ከሆነ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አንዴ ደግመህ ሞክርልኝ ልጄ» አሉኝ።

በእመቤቴ ነው ያሉት። እዚያ ጥግ የሚያጉረመርመው ወንድም ይታገሠኝ፤ ዘጋቢ የሰው ቃል አይቀይርም። ደግሜ መሞከር አልቻልሁም። ምን እንደምሞክር አላውቅማ! እማማ ትንፋሻቸው ሲር ሲር እያለ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ወረቀቱን ከነመስተዋቱ አወረድሁና ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ልወረውረው ክንዴን ሳነሣ፣ ደንገሉ አጠገብ መረብ የሚጠግን ዓሣ አስጋሪ «ጋሼ! መስተዋቱን እዚህ እንዳትጥለው! በባዶ እግራችን ነው የምንገባበት» ብሎ ጮኸብኝ። ያንንም ሰው ላቆስል ነበር። ተቀመጥሁ። በጌታ ላይ ተቆጣሁ። «ስዋሽ ለምን ዝም አልኸኝ? ለምን አላስቆምኸኝም?» አልሁት።

ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን አላየሁም። አየሁ ካልሁ ሌላ እርምት ያስፈልገኛል። የመጣልኝ የትዕግሥት ቃል ብቻ ነው፦ «ሁሉም መድረክ ላይ አልወጣም።» ለካ ዝም አላለኝም ነበር! በሚስቴ አፍ ተናግሮኝ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ እኔው ልበል፤ ጌታ ይባረክ! ስሙ ይክበር! ጌታን ካገኘሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው ብያችሁ ነበር። ያም ይታረም። ያገኘሁት ያን ማክሰኞ ነው።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ያደረግሁትን ነገርሁት፤ አሰናበተኝ። ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ጻፍሁ፤ የምስክር ወረቀቴን ሰረዘ፣ ለስድስት ወርም እንዳልፈተን ከለከለኝ። አንበሳሜ ሄጄ እማማ የሺን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንሁ። «ተነሥ። አሁንስ ተማርኸው?» አሉኝ። «ጀመርሁ» አልሁ። በተከታዩ ወር ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ ድነዋል። ጌታን አመሰግናለሁ። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ። እኔ በመዳናቸው ውስጥ ድርሻ የለኝም።

የማሠልጠኛው ባለቤት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ብቻ ጻድቅ ሊሆኑ ነው?» አለኝ። ስሙን አልጠራም። ዛሬ እዚህ ካለ ግን፣ የሰውን ሕይወት በሚጠብቅ ሙያ ላይ ሌብነትን በጸሎት እየከፈተ መሸጡን ያቁም! የጌታን ስም የስርቆት ሽፋን አያድርግ!

ቁጣዬ ግን በእሱ ብቻ አይደለም። ያኔውኑ እርምቱን ላንብብ ብዬ ሽማግሌዎቻችንን ለምኜ ነበር። «የጌታ ስም እንዳይሰደብ ይቆይ። አልፈህ ስትመጣ ትመሰክራለህ» አሉኝ። አባቶቼ፣ አከብራችኋለሁ። ነገር ግን የጌታን ስም ያሰደበው እውነቱ ነው ወይስ ውሸቴ? ሥራ ያገኘ፣ ቪዛ የመጣለት ብቻ የሚወጣበት መድረክ አድርገነዋል። የወደቀ ሰው የት ሄዶ ይመስክር? የመሰከርሁ ቀን ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ «እንዴት አጠናህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እማማ የሺ አንድ ወር ታንቀው ባልከረሙ ነበር።

እነሆ ሳላልፍ መጥቻለሁ። እገዳው አልቋል። ሐሙስ እፈተናለሁ። በእምነት አልፌአለሁ አልላችሁም፤ ልወድቅ እችላለሁ። በእነዚህ ወራት ኬብል በእጄ ገጥሜ፣ አጥፍቼ፣ መልሼ አስነሥቼ ተምሬአለሁ። ቁጥር አርባ አንድን አሁን ያለ ፊደል እመልሰዋለሁ። ትዕግሥት ማታ ማታ ከመጽሐፉ እያየች ትጠይቀኛለች፤ ስሳሳት ትሥቃለች። እኔም እንደ ድሮው አልሸሽም። ከወረቀቱ በፊት ይህን ለሰጠኝ ጌታ ክብር ይሁን!

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ የተሰረቀ ነገር ግድግዳህ ላይ፣ ግድግዳሽ ላይ የተሰቀለ ካለ፣ ዛሬ አውርዱት። ጌታን እመኑት። እውነቱን ስትነግሩት አይጥላችሁም፤ እኔን አልጣለኝም።

ጨርሻለሁ። ሃሌሉያ ከማለታችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ጠይቁኝ።