ሰባት ዓመት ሆዱን ያመመው ሰው ጉዞ ወደ ቮስሎሩስ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቤሪያ

እሁድ ዕለት ከጆሃንስበርግ ቤሪያ ሠፈር ከከተማው ዳር ወዳለው ቮስሎሩስ የተነሣሁት የአገሬን ልጅ ማቴዎስን ላመሰግነው ነው። ከምስጋናው በፊት ደግሞ ይቅርታ ልጠይቀው። ኮሮና ጥሎኝ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በሬን ፈርተው ሲያልፉ፣ እሱ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ በየሁለት ቀኑ ሾርባ እያመጣ ደጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። እንዲህም ያለ ሰው አለ! ዛሬ በእግሬ መሄዴ ከፈጣሪ ቀጥሎ በእሱ ነው።

እያገገምኩ ሳለ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ፋርማሲ ያላቸው ህንዳዊ አዛውንት የአገራቸውን ልቦለድ አዋሱኝ። ታሪኩ እንግሊዝ ህንድን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ያለ ነው። ሕጉ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል፤ የቆዳ ፋቂው ልጅ ግን አሁንም ሻይ የሚጠጣው ለእሱ ብቻ ተለይቶ ደጅ በተሰቀለ ኩባያ ነው። "ጉደኞች!" አልኩ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ አፈርኩ። ከምባታ እኛ ቤት፣ የማቴዎስ አባት ሸክላ ሠሪው አቶ ጴጥሮስ ሲመጡ ምግባቸው በእንሰት ቅጠል ተደርጎ ደጅ ይወጣላቸው ነበር። ወጡ የተሠራው እኮ በእሳቸው ቤት ድስት ነው! እኔም ብሆን ጆሃንስበርግ ስገባ ያስጠጋኝ ማቴዎስ ሆኖ ሳለ፣ ብላ ባለኝ ቁጥር "ሆዴን አሞኛል" ስል ሰባት ዓመት አለፈ። የምን ሆድ ነው ሰባት ዓመት የሚያም?

አራት ሰዓት፣ ታክሲ ውስጥ

ለበሽታው ሲባል መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ የሐምሌ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ራንዳችንን ከኋላ ወደ ፊት እየተቀባበልን ለሹፌሩ አደረስን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ሳውቦና" ብለው ሰላም አሉኝና፣ ማስኬን ወደ አፍንጫዬ ሳብ እንዳደርግ በጣታቸው አሳዩኝ። በመስኮት ከወርቅ ማውጫዎቹ የተረፈው ቢጫ የአፈር ክምር ያልፋል። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነው።

እኩለ ቀን፣ ቮስሎሩስ

ማቴዎስ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ "አንተ! ድነህ መጣህ?" ብሎ ሳቀ። ባለቤቱ አስቴር ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ጎመን በሁለት ሳህን አቀረበች።

"አንድ ላይ አድርጊልን" አልኳት።

"በሽታው እኮ ገና አልጠፋም።"

"ሰባት ዓመት ያለ በሽታ ተለያይተን በልተናል። ማቴ፣ ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ንቄህ ነው። ይቅር በለኝ።"

ማቴዎስ "አውቃለሁ" አለኝ። "ከእኔ ወጥተህ ማዶ ሱቅ ስትበላ አይቼሃለሁ።"

"ታዲያ ስታመም ለምን መጣህ?"

"ርቦሃላ!"

ሁለቱን ሳህን ራሱ አንድ ላይ ገለበጠው። እጄን ስዘረጋ ግን ያዘኝ። "እዚህ ማን ያየናል? እናትህ ጋ ደውል። እያየችህ ብላ።"

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እናቴ እኮ ናት ያኔ ቅጠሉን ታነጥፍ የነበረችው። በምስል ደወልኩ። "እማዬ፣ የሸክላ ሠሪው የአቶ ጴጥሮስ ልጅ ቤት ነኝ። ስታመም ያበላኝ እሱ ነው" አልኳትና ጎረስኩ። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ሳህኑን አየች።

"እስቲ ስጠው" አለች። ማቴዎስ ስልኩን ተቀበለኝ።

"ልጄን አተረፍክልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ግን አባትህን አንድ ቀን ግቡ ብያቸው አላውቅም። አሁን ልበል ብልም የሉም።"

ማቴዎስ ስልኩን ለአስቴር አቀበላት። እሷም "እማማ፣ ይብቃዎት፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል" አለቻት። ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ በላን፤ ጎመኑ ግሩም ነበር።

ማምሻውን፣ ቤሪያ

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ምስጋና ሰው በማያይበት ብቻ የሚሉት ነገር እንዳልሆነ ነው። ቤት ስገባ አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት ያገሬ ልጆች ራት ላይ ነበሩ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፦ "በሚመጣው እሁድ ማቴዎስ እዚህ ከእኛ ጋር ይበላል። ከአንድ ሳህን።"

ተያዩ። አንደኛው ሳህኑን አንሥቶ ክፍሉ ገባ። ሌላው ጥቂት አሰበና "ምን ይወዳል?" አለኝ።

ያኔ ደነገጥኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ የማውቀው ሰው ምን እንደሚወድ አላውቅም። ስልኬን አንሥቼ ጠየቅኩት።