እንግዳ ፊት የጠፋ መብራት

ሰማይ አይታረስ ይባላል። የእኔ ሥራ ደግሞ ሰማይ እናርሳለን ለሚሉ ሰዎች መንግሥት የሰጠው ገንዘብ ምን አበቀለ ብሎ መጠየቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከማስተማሩ ጎን ለጎን፣ የከዋክብት ምርምር ሲገመገም ገለልተኛ ገምጋሚ ሆኜ መጠራት ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። ሄጄ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፌን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። የዚህኛው ግምገማ ቡድን ሆነን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ እውነቱን ለመናገር ቤቴ መመለስ ነበር ያማረኝ።

የምንገመግማት ተመራማሪ የዚያው አካባቢ፣ የማጀቴ ልጅ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ አንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ተክላ፣ ብርሃናቸው ደክሞ መልሶ የሚበረታ ከዋክብትን ትከታተላለች። ቦታውን የመረጠችው ስለሚጨልም ነው። የዚያን ምሽት የረባ ነገር ካላየን በጀቱ ይቆማል፣ ቴሌስኮፑም ተነቅሎ አዲስ አበባ መጋዘን ይገባል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኮረብታው ላይ ስንወጣ ግን ሠርግ ቤት የደረስን መሰለኝ። መሬቱን ለምርምሩ የፈቀዱት የመንደሩ ሽማግሌ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል ሲባል ሰምተው ጀነሬተር አስመጥተዋል። ከዛፍ ዛፍ አምፖል ተንጠልጥሏል። ባጃጆች ግራና ቀኝ ተደርድረው በፊት መብራታቸው መንገዱን ያበሩልናል።

"እንግዳ በጨለማ አንቀበልም፤ ነውር ነው" አሉን ሽማግሌው፣ እጃችንን በሁለት እጃቸው እየጨበጡ።

ተመራማሪዋን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። በቴሌስኮፑ ስመለከት የነጣ ብርሃን እንጂ ኮከብ የለም። የቡድናችን ሰብሳቢ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አይታይም ብለን እንጻፍና እንሂድ፤ ደክሞኛል" አለኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር። እሷ ግን መብራቱን አጥፉ አላለችም። በዚያ አገር እንግዳ ፊት መብራት ማጥፋት ሂድልኝ እንደማለት ነው፤ የአገሩ ልጅ ደግሞ አባቷ የሚሆኑትን ሰው በሰው ፊት አታርምም።

እንግዳ ግን መለመን ይችላል። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብዬ፣ "አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አክብረውናል። እኛ ግን የመጣነው ጨለማችሁን ልናይ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አምፖሎቹን አዩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ እውነት ነው? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንግዳ ፊት እንዴት ብዬ፣ አባባ?"

ጀነሬተሩ ጠፋ። ባጃጆቹም ተራ በተራ መብራታቸውን አጠፉ። ሽማግሌው በጨለማ ብቻዬን እንዳልቀመጥ ነው መሰለኝ፣ እጄን ይዘው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ዓይናችን እስኪለምድ ጠበቅን፤ ሰማዩም ቀስ እያለ በከዋክብት ሞላ። የምትከታተላትን ኮከብ አየኋት። ሰብሳቢያችንም አየ፤ ስለ መሄድ ደግሞ አላነሳም። ሽማግሌው በተራቸው አይተው ሲመለሱ፣ "ለመንግሥት ንገሩልን። ጨለማውን እኛ እንሰጣለን፤ የቀረውን እሱ ይስጥ" አሉ።

ሪፖርታችን ላይ ምርምሩ ይቀጥል ብለን ጻፍን። የሽማግሌውን ቃል እንዳለ አስገባሁት። ሰብሳቢያችን ሊሰርዘው እስክሪብቶ አነሳና ተወው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማንም።

በመጨረሻ ተመራማሪዋ ደወለችልኝ። በጀቱ ቆሟል፣ ቴሌስኮፑንም ጭነው ወስደውታል። አፈርኩ። ሽማግሌው እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው" አለች። "መንደሩ እስካሁን ከመግሪብ በኋላ ደጅ መብራት አያበራም። ቴሌስኮፑ እኮ ሄዷል፣ አብሩ እላቸዋለሁ። 'እኛ ቃላችንን ሰጥተናል' ይሉኛል።"