የስኳር ብሎኬት

ውሸታም በለኝ፣ ችግር የለም። «እስር ቤት ውስጥ ስኳር እንደ ብሎኬት ሠራሁ» ስል የሰፈር ልጆች ይስቃሉ። ሳቁ! አዳማ ላይ እንደኔ ብሎኬት የሚያወጣ ካለ ይምጣና እንተያይ። የያዙኝም ሥራ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው እጄ ላይ እንደደረቀ ፒካፕ ላይ ወረወሩኝ። ምን እንዳጠፋሁ ዛሬም የነገረኝ የለም።

ክፍሏ ጠባብ፣ እኛ አስራ አንድ። ሙቀቱ የዳቦ ቤት ነው። በሩ ስር ነጠላ ጫማ አየሁ።

«የማነው?»

«ትናንት ለምርመራ የጠሩት ልጅ ነው፤ አልተመለሰም» አሉኝ። ጫማውን የሚነካ የለም።

አጠገቤ የነበሩት ጋሼ ከዓለም ጤና ከተማ አካባቢ የመጡ የሽንኩርት ገበሬ ናቸው። ስኳር በሽታ አለባቸው። መድኃኒታቸውን ወስደው ምግብ ከዘገየ ስኳራቸው ይወርድና በላብ ተነክረው ይንቀጠቀጣሉ። መርማሪዎች ሲጠሯቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እህል የለም።

«ሞት አይደለም ያስፈራኝ ልጄ» አሉኝ። «ሲወርድብኝ ጭንቅላቴ ይጨልማል። ያኔ ወረቀት ያቀርቡልኛል። የአገሬ ልጆች ስም አለበት፤ ያስይዛቸዋል። ሳላውቀው እፈርማለሁ።»

«ስኳር ይዘው ይግቡ!»

«በር ላይ ኪሴን ይገለብጡታል።»

«ጉንጭዎ ውስጥ የሚገባ እሠራልዎታለሁ፤ እኔ እኮ ነኝ!»

ቤተሰብ ካስገባልን ስኳር ሰበሰብኩ። ውሃ በጣቴ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ልኩ እንደ ብሎኬት አሸዋ ነው፤ ስትጨብጠው ይያያዛል፣ እጅህን ግን አያረጥብም። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጠቅጥቄ ካርቶን ላይ ገለበጥኩት፤ በክር ቆራርጬ መስኮቱ ስር አሰጣሁት። በማግስቱ ድንጋይ ሆነ።

ከዛ ጉድ ሠራሁ። ብሎኬት እንዲጠነክር በሁለተኛው ቀን ውሃ ይጠጣ የለ? እጄ ለምዶበት ጆጉን አንስቼ ረጨሁበት። ሁሉም ቀለጠ።

ማንም አልሳቀም። ጋሼን በማግስቱ እንደሚጠሯቸው ዘበኛው ነግሯቸዋል።

ጥግ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ የሞጆ ልጅ፣ ለማንም ቁራሽ የማያካፍል። ከፍራሹ ስር በፌስታል የቋጠረውን ስኳር አወጣና ደረቴ ላይ ወረወረው።

«ውሃ ድገምበትና አንቅሃለሁ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ያኔውኑ እንደገና ሠርቼ አሰጣሁት፤ ደርቆ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁልፉ ተንቃጨለ። የጋሼን ስም ጠሩ። ሁለት ስኳር በግራና ቀኝ ጉንጫቸው ወሸቁ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፉ። ዘበኛው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል «ተወው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉት።

አስር ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው መለሷቸው። ከንፈራቸው አብጧል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አልፈረምኩም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ተነስቼ ነው የመለስኩላቸው። ወንበር ሰጥተውኝ ነበር።»

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አልነገሩንም። ዛሬ በዓለም ጤና ሳልፍ ቀልዴን ሁሉ እተዋለሁ። ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ካየሁ ቀና እስኪል አንገቴን አዙሬ አያለሁ።

አሁንም ውሸት ነው? እዛ ክፍል የነበረውን ሁሉ ሂድና ጠይቅ። ሾፌሩን ጠይቀው፣ ሞጆ ነው ያለው። ይሰድብሃል እንጂ አይዋሽህም።