ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ

አሶሳ የደረስነው ከተማዋ የአዲሱ ክልል መዲና ከሆነች ብዙም ሳትቆይ ነበር። አንዳንዱ ቢሮ ሰሌዳ ሳይኖረው ሥራ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ሰሌዳ ደግሞ ቢሮው ሳይኖር ይሰቀላል። እኔ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ከጊምቢ ስንነሳ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስለነበር ዘመድ በሌለበት አገር መውለዱ አስፈርቷታል። ስለዚህ በመጣን በመጀመሪያው እሑድ የወለጋ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ጸሎት ቤት አጠያይቀን ሄድን።

ጸሎት ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከማንጎ ዛፎች ጀርባ ነበር። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር። በሩ ላይ አንዲት ሴት ባለቤቴን እጇን ይዛ፣ "እኛ በጓሮ በኩል ነው የምንገባው" ብላ ወሰደቻት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ገባሁ። ተዘመረ፤ ተጸለየ። ከዚያ ሁሉም ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መድረኩ ዞረ።

መድረኩ ላይ ማንም አልነበረም። የሚመጣ ሰው አለ ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልመጣም። ወንዶቹ ግን ሰው የቆመበት ይመስል ዓይናቸውን ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ አልነቀሉም። በመሃል ከመድረኩ ጀርባ ካለው የቀርከሃ ግድግዳ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ።

"ባለፈው እሑድ የት ላይ ነበር ያቆምነው?"

ደነገጥኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ግን ፈገግ ብሎ መጽሐፉን ገለጠ።

ነገሩን ቆይቼ ተረዳሁ። ወንጌላዊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ምትክ አልተላከለትም። በምእመናኑ መካከል ማስተማር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሴት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጎልማሳነትን አልፋ ወደ እርጅና የተጠጋች ሴት። ሁላችንም "አዴ" ነበር የምንላቸው፤ በወለጋ የተከበረች ሴት የምትጠራበት ነው። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ፣ ሰዉን በጓዳቸው እየሰበሰቡ ያስተማሩት አዴ ነበሩ። ያኔ ወንድ ሴት ተብሎ አልተለየም። የጸሎት ቤቱ በር ሲከፈት፣ መድረክ ሲሠራ ግን የሽማግሌዎቹ አለቃ ተነሥተው፣ ሐዋርያው ሴት በጉባኤ ዝም ትበል ብሏል፣ ወንድንም አታስተምርም አሉ። አስተማሪ ደግሞ የለም። በብዙ ክርክር መፍትሔ ተገኘ። አዴ በኋላኛው ክፍል ሴቶችን ያስተምራሉ። ወንዶቹ በራሳቸው ክፍል ይቀመጣሉ። ግድግዳውን አልፎ ለሚመጣ ድምፅ ግን ተጠያቂ የለም።

የሽማግሌዎቹን አለቃ ደግሞ "ኦቦ" እንላቸው ነበር፤ የተከበረ ወንድ የሚጠራበት ነው። አንድ ቀን ከጸሎት ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

"ኦቦ፣ ታዲያ ይሄ ወንድን ማስተማር አይደለም?"

"አይደለም፣ ልጄ። እኛን አታየንም፤ እኛም አናያትም። የምታስተምረው ሴቶቹን ነው።"

"በዚያ በክፉው ጊዜ እርስዎም በአዴ ጓዳ ተቀምጠው ተምረዋል ይባላል።"

አልተቆጡም። "ተምሬያለሁ። በጨለማ ጊዜ ኩራዙን የያዘ ሁሉ ያበራል። አሁን ነግቷል፤ ሁሉም በየቦታው ይሁን" አሉኝ።

በዓይናቸው ተንኮል አላየሁም። ከልባቸው እግዚአብሔርን ላለማስቀየም የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ።

ለነገሩ ለመድኩት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዋጠልኝም። ሰውን ሳታይ ድምፁን ብቻ ለረጅም ጊዜ ስትሰማ ድምፁ ቀስ በቀስ የሰው መሆኑ ይቀራል። አንዳንዴ ከግድግዳው የሚወጣ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ የሚናገር ይመስለኛል። በቀርከሃዎቹ ስንጥቅ የሚታየው አልፎ አልፎ የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ የአዴ ነጠላ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድምፁ እያለ እሱም አይታይም።

ለባለቤቴ ይህን ስነግራት፣ "እኛ ጋም እንደዚያው ነው" አለችኝ። "አዴ ሲያስተምሩ ወደ እኛ አይዞሩም። ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አፋቸውን ወደ ቀርከሃው አስጠግተው ነው የሚቆሙት። ፊታቸውን አይቼው አላውቅም ብልህ ይሻላል። ከግድግዳው ጋር ነው የሚነጋገሩት።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤቱ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አላውቅም።

ነሐሴ ገባ። የአሶሳን ዝናብ ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ወርዶ ማንጎዎቹ አናት ላይ ይቀመጣል። በአንዱ እሑድ ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ወጥታ ነበር። እኔ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ስደርስ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ሣሩን ስለሚደበድበው የራሳችንን መዝሙር እንኳ በቅጡ አልሰማነውም። ስለዚህ ቶሎ ጨርሰን ወደ ባዶው መድረክ ዞርን።

ድምፁ ጀመረ። ዝናቡ እንደዚያ እየጮኸ ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ጆሮዬ ሥር የተነገረ ያህል ይሰማ ነበር። ትምህርቱ ማለዳ ወደ መቃብሩ ስለሄዱት ሴቶች ነበር፤ ድንጋዩ ተንከባሎ ማግኘታቸውን፣ ሮጠው ለወንዶቹ መናገራቸውን፣ ወንዶቹም የሴቶች ወሬ ነው ብለው መናቃቸውን የሚተርከው። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። አዴ ሲያስተምሩ ከወዲያ በኩል "አሜን" ይባላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እናት እሽሽ ትላለች። ያን ቀን ይህ ሁሉ አልነበረም። ቃሉ ያልቃል፤ ከዚያ ምንም የለም። ዝናቡ ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ድምፁ ጠየቀ፦ "ለምን አላመናችኋቸውም?"

"ለምን አላመኗቸውም" አይደለም ያለው። "ለምን አላመናችኋቸውም" ነው ያለው። ከፊቴ የተቀመጡት ኦቦ ትከሻቸው ሽምቅቅ ሲል አየሁት። መልስ የሚጠብቅ ይመስል ድምፁ ቆየ። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይሰማ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ያለ መዝጊያ ጸሎት ወጣን።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የረጠበ ልብሷን እየቀየረች ነበር።

"የዛሬው ትምህርት እንዴት ነበር አንቺ?" አልኳት። "እኔ እስካሁን ሰውነቴ አልተመለሰልኝም።"

"የምን ትምህርት?"

"የአዴን ነዋ! የመቃብሩን።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አዴ ወባ ጥሏቸው አልጋ ላይ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሴቶቹ ሁላችንም እሳቸው ቤት ነበርን። ዛሬ ወደ ጸሎት ቤት የሄደች አንዲት ሴት የለችም።"

"ሰምቻለሁ እኮ! ሁላችንም ሰምተናል።"

"ማንን ሰማችሁ?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር" አለችኝ። "ትኩሳቱ ሲብስባቸው። ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር። ምንም።"

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ኦቦ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ሚስታቸው እንደኔዋ ነግራቸዋለች። ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ላይ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደን የኋላኛውን ክፍል ከፈትነው። የአፈሩ ወለል ላይ የዝናብ ፍሳሽ ገብቶ ለስልሷል። የሰው እግር ያረፈበት ምልክት የለም። አንድ ብቻ፣ ደፉ ላይ፣ የሸራ ጫማ ፈለግ ነበር።

የጫማው ባለቤት አልጠፋንም። ከጸሎት ቤቱ ጎን የሚኖሩ፣ ማንጎዎቹን የሚጠብቁ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ብለን ጠየቅናቸው።

"እኔ ነው" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "ፍየል ጠፋ። ዝናብ ብዙ መጣ። ፍየል እዚያ ገባ ብሎ፣ በር ከፈትኩ።"

"ታዲያ ማን ነበር ውስጥ?" አሉ ኦቦ።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። "ሴት ይናገራል። እኔ ሰማ። ሰው የለም። ወላሂ፣ ሰው የለም።"

"ከየት ነበር የሚናገረው?"

እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገው አቆሙት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሳንጨምር ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከወንዶቹ መካከል ሰይጣን ነው ያሉ ነበሩ። መልአክ ነው ያሉም ነበሩ። አንዱ ደግሞ ለምደነው ስለነበር ጆሯችን ራሱ ፈጠረው አለ፤ ይህኛው የተሻለ መሰለኝ፤ ግን የበርታው ሽማግሌ ትምህርታችንን ለምደው አያውቁም። በመጨረሻ አዴን እንጠይቅ ተባለ።

ትኩሳቱ ለቅቋቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን በብርሃን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሴት ናቸው። ከዚያ ድምፅ ጋር ማገናኘት አቃተኝ።

ኦቦ የሆነውን ነገሯቸው። አዴ እስከ መጨረሻው ሰሙና ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ፈሩ።

"ስለ መቃብሩ ልናገር አስቤ ነበር" አሉ። "ለማንም አልተናገርኩም። ግን ያ እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማን ነው፣ አዴ?"

"አላውቅም፣ ኦቦ። የምለምናችሁ ግን እሱን አትመኑት። እኔንም በግድግዳ በኩል አትመኑኝ። አስተማሪ ሲሳሳት አንተ ተሳስተሃል ይባላል። ፊቱ ታይቶ፣ ይዋሻል አይዋሽም ይባላል። እኔን ስንት ጊዜ አቆማችሁ ጠየቃችሁኝ? አንድም ቀን! ድምፅ ብቻ አደረጋችሁኝ። ድምፅን ማን ያርመዋል? ሌላ ነገር መጥቶ በእኔ ቦታ ቢናገር በምን ትለዩታላችሁ?"

አዴ ቀስ ብለው ጨመሩ፤ "ወይ ዝም አሰኙኝ፣ ወይ እዩኝ።"

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኦቦ ገጀራ ይዘው ጸሎት ቤቱ ገቡ። እኔን የጠራኝ የቆረጣው ድምፅ ነው። የቀርከሃውን ማሰሪያ አንድ በአንድ እየበጠሱ፣ ላባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ግድግዳውን ሲያፈርሱት ደረስኩ። ላግዝዎት አልኳቸው። "እዚያ ጥግ ያለውን ያዝ" አሉኝ። እያንዳንዱ ቀርከሃ ሲነቀል ከውስጡ አየር የሚተነፍስ ነገር ይሰማል። ቀርከሃ ባዶ ስለሆነ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለታችንም በየጊዜው ቆም እንል ነበር።

እሑድ ወንዶቹ ሲመጡ ከመድረኩ ጀርባ ሴቶቹን ተቀምጠው አገኟቸው። ሕፃናት ነበሩ፤ ወሬ ነበር፤ ባለቤቴ ትልቅ ሆዷን ይዛ ከግንድ ላይ ተቀምጣለች። አንዳንዶቹ ከደጃፍ ተመለሱ። አዴ መድረኩ ላይ አልወጡም። ወንበር አስመጥተው ከመድረኩ ጎን፣ ሁላችንም በምናያቸው ቦታ ተቀመጡ። ድምፃቸው ከለመድነው ቀጠን ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ሆነብን።

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ኦቦ ናቸው። "አዴ፣ ሐዋርያው ሴት ዝም ትበል ያለውንስ ምን እናድርገው?"

"እሱ እኔንም ከብዶኛል" አሉ አዴ። "ግለጡትና አብረን እንየው።"

ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርን። አልተስማማንም። ኦቦም አሳባቸውን እንደለወጡ አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ይመጡ ነበር፣ ይጠይቁ ነበር፣ አንዳንዴም አዴን ተሳስተሻል ይሏቸው ነበር። አዴም አንዳንዴ አዎ ይላሉ።

ከደጃፍ የተመለሱት በሌላ ሰፈር የራሳቸውን ጸሎት ቤት ሠሩ። ሴቶቹ በግድግዳ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ማንም ከዚያ በኩል አይናገርም። ከመካከላቸው አንዱን፣ ድሮ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረውን ሰውዬ፣ ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ልንለያይ ስንል ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

"ያ ነገር... እናንተ ጋ ድጋሚ መጥቶ ያውቃል?"

"ኧረ የለም" አልኩት። "እናንተስ ጋ?"

ወዲያ ወዲህ አየ። "ሴቶቹ ዝም ነው የሚሉት፤ አሜን እንኳ አይሉም" አለ። "ግን ከግድግዳው አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግ ወንድ የለም። ወንበሩ ሁልጊዜ ባዶ ነው።" ምንም ሳይጨምር በሰዉ መሃል ሄደ።

አዴ ለብዙ ዓመት አስተማሩን። ሲደክሙ ልጃቸው ወደ ባምባሲ ወሰደቻቸው፤ እዚያው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ለመድረስ በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። ኦቦ በዚያን ጊዜ ከአልጋ አይነሱም ነበር። የገዛ ልጃቸውን ልከው ጋቢያቸውን አስያዙን። ጋቢውን ሳጥኑ ላይ አለበስነው፤ አዴም በእሱ ተሸፍነው ተቀበሩ።