የሱፍና የወተት ካሎሪ

አባቴ የሳንባ ሕመም ይዟቸው መድኃኒት በጀመሩ ሰሞን ዐቢይ ጾም ገባ። የጤና ጣቢያው ነርስ “መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ወተትና እንቁላል ይውሰዱ” ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ነፍስ ካወቁ ወዲህ ጾም ገድፈው አያውቁም። እኔ ላሊበላ ቤት ተከራይቼ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ገነተ ማርያም ቤታችን ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው ከጋቢያቸው ሥር ባገጠጠው የትከሻቸው አጥንት ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን የክፍላችን ፕላዝማ ቴሌቪዥን፣ መብራት ባልጠፋ ቀን፣ የሙቀትና የኃይል መለኪያዎችን በእንግሊዝኛ ያጣድፈን ነበር። አንድ ካሎሪ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት ነው፤ በጁል ሲለካ አራት ነጥብ ሁለት ገደማ ይሆናል። ሌላው ለፈተና ሲሸመድደው እኔ አባቴን የማተርፍበት መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ክርክር የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ልመናን እንቢ ቢሉ ማስረጃን አይገፉም ብዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ እናቴ ያስገዛችኝን የዱቄት ወተት ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ሰውነት ምድጃ ማለት ነው። ማገዶ ካጣ ይጠፋል።”

“ተማሪ ቤት ልኬሽ ምድጃ አደረግሽኝ?”

ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ካሎሪ አነበብኩላቸው፤ ኪሎው ሺህ ማለት እንደሆነ፣ ወደ ጁል እንዴት እንደሚለወጥም አስረዳሁ። ሳላቸውን እየዋጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“እሺ፣ ይኸ ጁል የምትይው የፍስክ ነው የጦም?”

“ጁል ፍስክና ጾም አይለይም። ከየትም ይምጣ ከየት ያው ነው” አልኩ፣ ማወቄን ለማሳየት ቸኩዬ።

“ከሱፍም? ከተልባም?”

“ከሱፍም ከተልባም።”

“እንዲያ ከሆነማ በሱፍ ይሞላልኛ!” ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቋን መያዝ አቃታት። ራሴ በቆፈርኩት ጉድጓድ ገባሁ።

ክርክሩንስ ረቱኝ፤ ሱፉን ግን ማን ይብላው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከዚያ መድኃኒቱ ያጥወለውላቸውና ከሱፍ ፍትፍቱ አንድ ሁለት ጎርሰው “ጠገብኩ” ይላሉ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጉርሻቸውን በካሎሪ እየገመትኩ እደምራለሁ፤ ድምሩ አንድም ቀን ሰው የሚያቆም አልሆነልኝም። ፋሲካን ሳያዩ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ አፌ ካወጣው የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ ጭንቀቱ ሲብስባት የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ሽማግሌው ቄስ ገብተው ያልተነካውን ፍትፍት አዩ፤ አባቴንም አዩ።

“ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል። ወተቱን ጠጣ። ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን።”

ክርክሩን ጠበቅሁ። አባቴ እንኳን ከቄስ፣ ከዳኛም ፊት መልስ አጥተው አያውቁም። እናቴም የወተቱን ኩባያ ይዛ በሩ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። እሳቸው ግን ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ አንዴም ሳያሳርፉ ጨለጡትና ባዶውን ለእናቴ ዘረጉላት።

“ጨምሪልኝ።”

ስለምናቸው የከረምኩት ይኸው ሆነ፤ ደስ ግን አላለኝም። ለካ እሳቸውም ሞትን ሲፈሩ ነው የከረሙት።