የጸሎት ርዕስ ያደረግኋት ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምመሰክረው አለኝ። ቆሜ ስናገር እንባዬ ስለሚቀድመኝ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ታግሣችሁ ስሙኝ።

ወሬው የደረሰኝ መካኒሳ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከኋላዬ የቆመች ጎረቤቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «እትዬ አስካለ፣ ምሕረት ሻንጣዋን ይዛ ወዴት ነው? አሁን የፉሪ ታክሲ ውስጥ ስትገባ አየኋት» አለችኝ።

ምሕረት የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከሆሳዕና ለኮሌጅ ስትልካት «አደራ፣ ከጌታ ቤት እንዳትርቅብኝ» ብላኛለች። እኔም ከአገሬ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ እዚህ ያለችኝ የሥጋ ዘመድ እሷ ብቻ ናት።

ቀድሞ እንዴት እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። የዘመኑ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁንም አያንገበግበኝም አልልም። ስብከት ሳያልቅ ስልኩን የሚከፍተው፣ ለጾም ጸሎት «መንገድ ተዘጋብኝ» ብሎ ለኳስ ግን ቀድሞ ወንበር የሚይዘው! ይህ የረቡዕ ኅብረታችን ድሮ በር ላይ ጫማ ማውለቂያ ይጠፋ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሶፋ ይበቃናል። ደም ግፊቴ ሲጨምር ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ጨው ይቀንሱ፤ ንዴትም ይቀንሱ» አለኝ። «ጨውስ እሺ፤ የምናደደው ግን ለጌታ ቤት ነው» አልኩት። ሳቀብኝ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ስናጥብ ምሕረት፣ «አክስቴ፣ እንዳትቆጪኝ። ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ኳየር ላይም አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ።

እኔስ? ረቡዕ መጥቼ በፊታችሁ «የጸሎት ርዕስ አለኝ» ብዬ ስሟን ጠራሁ። ወገኖቼ፣ ሐሜት አልመሰለኝም፤ ጸሎት ነው ብዬ ነው! «ዓለም ሰርቃታለች» አልኩ፤ እግረ መንገዴንም ትውልዱን ሁሉ ገሠጽኩ። እናንተም አሜን አላችሁ። ከዚያ አንዳችን፣ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና፣ ታክሲ ውስጥ አገኘቻትና ሰው እየሰማ «አይዞሽ፣ እምነትሽ እስኪመለስ እየጾምንልሽ ነው» አለቻት።

ምሕረት ቤት ገብታ አልጮኸችም። «ለጌታ መንገር ያቃተኝን ለአንቺ ነገርኩሽ፤ አንቺ ለሁሉ ነገርሽው» አለችኝ። በነጋታው ነው ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው።

ያን ቀን ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። የኳየር ልብሷን አጥፋ አልጋዋ ላይ ትታዋለች። ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ትውልድ» ብዬ ስጀምር ምላሴ ታሰረ። በልቤም፣ «ትውልዱን ተዪው፤ አምናሽ የነገረችሽ አንዲት ልጅ ናት» የሚል መጣ። ሃሌ ሉያ! ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ኃጢአት አልቅሻለሁ፤ በራሴ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ስሙ ይባረክ!

ፉሪ፣ የክፍል ጓደኛዋ የተከራየችበት ቤት ሄድኩ። በር አንኳኩቼ «እኔ ነኝ» ስል ከውስጥ «ዛሬስ ስንት ሰው ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።»

«ስብከት ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

ቆይታ ከፈተችልኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችና፣ «ተይ፣ ግፊትሽ ይነሣል» አለች። ከዚያም፣ «እምነቴ አልተመለሰም፤ ተመለሰ ብለሽ እንዳትዋሺ። የነገርሽበት ቦታ ሄደሽ፣ ለሰሙት ብቻ፣ ያጠፋሽው አንቺ እንደሆንሽ ተናገሪ። እሑድ ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ብቅ እላለሁ፤ ሰው ዞሮ ካየኝ ግን እወጣለሁ» አለችኝ።

ይኸው ተናገርኩ። ጌታ ይመስገን፣ ቁጣዬን ወስዶልኛል፤ ፍርሃቴ ግን አለ። እሑድ አራት ቀን ቀርቶታል፤ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። እምነት ከከተማችን እየወጣ ነው ብላችሁ እንደ እኔ የምትጨነቁ ወገኖች፣ ጌታን እንመነው። በጉን እኛ ባንጮኽበትም የሚፈልገው እሱ ነው።

ያን ረቡዕ እዚህ የነበራችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። እሑድ የኋላው በር ሲከፈት አትዙሩ። «እንኳን ተመለስሽ» አትበሏት፤ «ጸለይንልሽ»ም አትበሏት። ጠጋ ጠጋ ብላችሁ የመጨረሻውን ወንበር ጫፍ ብቻ ተዉላት።